ብቻዬን ዓሣ ሳጠምድ ፎቶ የሚያነሳልኝ የስልክ ማቆሚያ፦ ከስምንት ወር በኋላ

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ባሕር ዳር ከሚገኝ አንድ የሞባይል ዕቃ መሸጫ፣ እንደልብ የሚተጣጠፉ ሦስት እግሮች ያሉትን ትንሽ የስልክ ማቆሚያ ከነብሉቱዝ ሪሞቱ በ1,800 ብር ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ እስከ ግንቦት ድረስ ዝናብ ወይም ሥራ ካላገደኝ በቀር ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ይዤው ጣና ዳር ወጥቻለሁ። በማሸጊያው ላይ የአምራች ስም አልነበረም።

ዕቃውን የፈለግሁት ከዓሣው ጋር ለመታየት ብቻ አይደለም። የጣና ባርበስ የሚባለው ዓሣ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ ዝርያዎች ያሉት ሲሆን፣ አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚረዱት የአፉ አቀማመጥ፣ የጭንቅላቱ ርዝመትና ከጭንቅላቱ በስተኋላ ያለው ጉብታ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ጥርስ ባይኖራቸውም ከጣናዎቹ በርካቶቹ ሌላ ዓሣ አሳደው የሚበሉ በመሆናቸው፣ የእኔን የብረት ማባበያ የሚነክሱትም በአብዛኛው እነሱ ናቸው። የያዝሁትን መልሼ ስለምለቅቅ፣ ቤቴ ገብቼ ዝርያውን ለመለየት ከጎን በኩል በትክክል የተነሳ ፎቶ ያስፈልገኛል። ቀድሞ በአንድ እጄ ዓሣውን፣ በሌላው ስልኩን ይዤ ሳነሳ ግን ለሌንሱ የቀረበው ራስ ያለመጠኑ ይገዝፋል፣ ጅራቱ ከፎቶው ውጭ ይቀራል፣ የረጠበው ስክሪንም የጣቴን ትእዛዝ አይሰማም ነበር።

ከጥቅሉ ውስጥ ገንዘቡን የሚያወጣው ሪሞቱ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቁልፉ ሲጫን ለስልኩ የድምፅ መጨመሪያ ቁልፍ የተነካ ያህል መልእክት ይልካል፣ ካሜራውም ያንን እንደ ማንሻ ይቀበለዋል። ስለዚህ በካሜራው ቅንብር ውስጥ የድምፅ ቁልፉ ፎቶ እንዲያነሳ መደረጉን አስቀድሞ ማየት ያሻል፤ እኔ ይህን ባለማወቄ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ካሜራው ሲያጎላና ሲያሳንስ አሳልፌያለሁ። ከዚያ በኋላ የቀረው ችግር ሁለቱም እጆቼ ዓሣ ላይ ሆነው ቁልፉን በምን እንደምጫን ነበር። በአፌ ሞከርሁ፤ ፎቶው ላይ የታየው መልኬ ግን ለማንም የሚያሳዩት አልነበረም። በመጨረሻ ሪሞቱን በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልዬ በላስቲክ ከጉልበቴ በላይ አሰርሁትና፣ ውኃው ዳር ተንበርክኬ በክርኔ መጫን ጀመርሁ። መንበርከኩ ለዓሣውም በጀው፤ ቢያመልጠኝ እንኳ የሚወድቀው ከድንጋይ ላይ ሳይሆን ከአንድ ክንድ ከማይበልጥ ከፍታ ወደ ውኃው ነው።

ስልኩን የማቆመው የመጀመሪያውን ውርወራ ከመወርወሬ በፊት ሲሆን፣ ጠዋት ፀሐይዋ ከስልኩ ጀርባ እንድትሆን ከምንበረከክበት ቦታ በስተ ምሥራቅ አደርገዋለሁ። ዓሣው ሲያዝ መረቡ ውስጥ እንዳለ ውኃው ውስጥ ይቆያል፤ ካሜራውን ከፍቼ እጄን ካራስሁ በኋላ ብቻ አወጣዋለሁ። ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚከላከለውን ልጋግ ይገፍፋል። አምባዛ ከአየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ትንሽ ቢዘገዩበትም ይታገሣል፣ ባርበስ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። ቅርፊቱ እንደ መስተዋት ሲያንጸባርቅ ጀርባውን በጥቂቱ ወደ ስልኩ ማዘንበል ይበቃል።

የሪሞቱ ትልቁ ጉድለት ለጥቂት ደቂቃ ካልተነካ መተኛቱ ነው፤ መጀመሪያ ሲጫኑት ይነቃል እንጂ ፎቶ አያነሳም። በኅዳር ወር እስከዚያ ከያዝኋቸው ሁሉ የሚበልጠውን ባርበስ ከፍ አድርጌ፣ አንድ ጊዜ ተጭኜ፣ ተነስቷል ብዬ ለቀቅሁት። ምንም አልተነሳም ነበር። አሁን ዓሣው መረብ ውስጥ ሳለ አስቀድሜ አንድ ጊዜ እጫነዋለሁ። ትልቅ ዓሣ ሲሆን ደግሞ ቪዲዮ አስጀምሬ በኋላ አንዱን ምስል ነጥሎ ማውጣት ይሻላል፤ ፎር ኬ በሚባለው ከፍተኛ የቪዲዮ ጥራት ከተቀረጸ አንዱ ምስል ወደ 8 ሜጋፒክስል ስለሚጠጋ የአፉን ቅርፅ ለማየት አያንስም፣ የስልኩን ባትሪና ማኅደር ግን ክፉኛ ይበላል።

እግሮቹን በተመለከተ የምናገረው በጎ ነገር ጥቂት ነው። በሁለተኛው ወር በቅርንጫፍ ላይ ለመጠምጠም ምቹ ነበሩ፤ በጥር አንዱ እግር ውስጥ ያለው ሽቦ ስለተሰበረ ማቆሚያው በነፋስ ተገልብጦ ስልኩ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ወደቀና የስክሪኑ ጠርዝ ተሰነጠቀ። ለሻጩ መልሼ ባሳየው ዋስትና የለውም አለኝ። ደግነቱ ስልኩን የሚነክሰው መያዣ ከእግሮቹ ጋር የተያያዘው በተለመደው የሩብ ኢንች ብሎን ስለሆነ ፈትቼ አወጣሁት። ብየዳ ቤት ወስጄ ጫፉ በሾለ ብረት አናት ላይ ተመሳሳይ ብሎን አስበየድሁ፤ እሱን በዳርቻው ጭቃ ውስጥ ተክዬ፣ ስልኩን በገመድ ከብረቱ ጋር አስሬ ከየካቲት ጀምሮ ያለ ችግር እየተጠቀምሁ ነው። ዛሬ እንደገና ብገዛ ሪሞቱንና መያዣውን ለየብቻ እገዛ ነበር፤ የተሰበረው እግር አሁን የሚያገለግለኝ ቤት ውስጥ የማባበያ ሳጥኔን ክዳን ደግፎ በማቆም ነው።