ለቤት አንድ ጠርሙስ ብቻ ቢገዛ የቱ ይሻላል? ጂን፣ ኡዞ፣ ኮኛክ፣ ወይን ወይስ የአገር ቤቱ

ታናሽ እህቴ ከሸዋ ሮቢት ደወለች። ለገና እንግዳ አለባት። «እትዬ፣ ኮክቴል የሚባለውን ነገር ቤት ውስጥ ልሞክረው ነው። ግን ብሬ የሚበቃው ለአንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። የቱን ልግዛ?» አለችኝ።

እኔም መልሼ «ማታ ማታ ቤታችሁ ይሞቃል?» ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ጥያቄው ግን የምር ነበር። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ታኅሣሥ ላይ ጠዋት በር ስከፍት የግቢው ሣር ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። እሷ ደግሞ ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ ያለው ቆላ ውስጥ ናት። በመካከላችን ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሆኖም እኔ ጋቢ ስደርብ እሷ መስኮት ትከፍታለች። እኔ ትኩስ ነገር ሲያምረኝ እሷ በረዶ ያምራታል። ሰሜን ሸዋ ላይ መጠጥ ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄ ነው፤ ቤታችሁ ደጋ ነው ወይስ ቆላ?

ቀጥሎ የሚታየው ጓዳችሁ ነው። ኮክቴል የትልልቅ ሆቴሎች ምስጢር ይመስለናል። ግን እ.ኤ.አ. በ1806 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ቃሉን ለአንባቢ ሲያስረዳ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም የተቀላቀለበት ነው ብሎ ነበር። በቃ ይኸው ነው። ኋላ ላይ ሎሚና ሌላውም ገባበት። ማር፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ አምቦ ውሃ፣ ዝንጅብል፣ ናና ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ስለዚህ ጥሩ ጠርሙስ ማለት ከእነዚህ ጋር የሚስማማው ነው። እኔም በዚህ ነው የማወዳድራቸው።

ጂን

አንድ ጠርሙስ ብቻ ከተባለ እኔ ጂን እላለሁ። የውጭው ውድ ነው፤ ለመጀመሪያ አያስፈልግም። የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ባሮ ጂን ይበቃል።

ጂን ያን ሽታውን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው። ወፍ ዋሻ ጫካ የገባ ሰው ወይም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥድ ሥር የተቀመጠ ሰው ጠርሙሱን ሲከፍት ሽታውን ይለየዋል። (ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት ግን የሌላ ዓይነት ጥድ ፍሬ ነው። የእኛን ጥድ ፍሬ ለቅማችሁ አረቄ ውስጥ እንዳትዘፈዝፉ።) ይህ ሽታ ሎሚን ይወዳል። ማርንም ይወዳል። አምቦ ውሃም አያበላሸውም። ከሌሎቹ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሄድለታል።

ለእህቴ የነገርኳት ቢስ ኒስ የሚባለውን ነው። ትርጉሙ «የንብ ጉልበቶች» ማለት ነው፤ እግሯ ላይ ያሉት። አሜሪካ መጠጥ በሕግ ከልክላ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት፣ የተለመደ ነው ይባላል። ሁለት መለኪያ ጂን፣ አንድ መለኪያ የማር ሽሮፕ፣ አንድ መለኪያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው የሎሚ ጭማቂ። የውጭ አገር አሠራሮች ብዙ ጊዜ የሚሉት ትልቁን ቢጫ ሎሚ ነው። የእኛ ትንሿ ሎሚ ከእሱ ይልቅ ትኮመጥጣለች። ለዚያ ነው «ትንሽ የቀረው» ያልኩት።

የገና ዕለት ማታ እንደገና ደወለች። «እትዬ፣ ማሩ እኮ ከሥር ተጋግሮ ቀረ!» ማሩን በማንኪያ ቀጥታ ቀዝቃዛ ጂን ውስጥ ጨምራዋለች። ማር በቀዝቃዛ ነገር አይሟሟም፤ እንደ ሙጫ ብርጭቆው ሥር ይለጠፋል። ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ አስቀድሞ መበጥበጥ አለበት። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ከጂኑና ከሎሚው ጋር ክዳን ያለው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ በረዶ ይጨመርበታል፤ ቅቤ እንደሚናጥ ይናጣል። ጠርሙሱ እጃችሁን እስኪያቃጥል ሲቀዘቅዝና ውጪው በጤዛ ሲሸፈን ደርሷል ማለት ነው። በሻይ ማጥለያ አጥልሉት። ላዩ ላይ ስስ አረፋ ይቀራል። መጀመሪያ የማሩ ሽታ ይመጣል፤ ጥዱ ከኋላ ይከተላል።

ማር ከሌለ ስኳርና ውሃ እኩል ለእኩል አፍልታችሁ ሽሮፕ ሥሩ። ጂን፣ ሎሚ፣ ሽሮፕ በረጅም ብርጭቆ አድርጋችሁ አምቦ ውሃ ስትሞሉበት ቶም ኮሊንስ ይሆናል። ለሮቢት ሙቀት ከዚህ የሚሻል አላውቅም።

ጂን በቶኒክም አለ፤ ቶኒክ ጋዝ ያለው መራራ ለስላሳ ነው። መራራ የሚያደርገው ኪኒን (ኩዊኒን) የሚባለው የድሮ የወባ መድኃኒት ነው። ሕንድ የነበሩ እንግሊዞች ለወባ የሚወስዱትን ኪኒን መራራነት ለማስታገስ ነው ከጂን ጋር መጠጣት የጀመሩት። ቆላ ያሉ ዘመዶቼ «ለወባ ጥሩ ነው» ሲሉ ስለምሰማ አንድ ነገር ልበል። የዛሬው ቶኒክ ውስጥ ያለው ኪኒን በጣም ትንሽ ነው፤ ወባ አይከላከልም፣ አያክምም። ካተኮሳችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ሒሳቡም ያዋጣል። ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለአንድ ሰው 45 ሚሊ ቢቀዳ 16 ብርጭቆ ይወጣዋል። የቤታችሁ መለኪያ ስንት እንደሚይዝ ካላወቃችሁ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ከፋርማሲ ገዝታችሁ በውሃ ለኩት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ከዚያ በኋላ ግን ቅልቅላችሁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ኡዞ

ኡዞ ብዙ ጊዜ ዋጋው የሚቀል ነው። ከምንም ጋር ሳይቀላቀል ውሃ ብቻ ሲጨመርበት የሚያምርም እሱ ነው። ጥርት ያለው መጠጥ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ስታደርጉበት ወተት ይመስላል። ሽታውን የሚሰጠው የአኒስ (እንስላል የሚመስል ቅመም) ዘይት በአልኮል እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ነው። ልጆች ቆመው የሚያዩት ነገር ነው።

ለኮክቴል ግን ይከብዳል። አኒሱ ሎሚውንም ማሩንም ይውጣቸዋል። የቀላቀላችሁት ሁሉ ኡዞ ኡዞ ይላል። ሽታውን የሚወድ ቤተሰብ ካላችሁ ከምግብ በፊት በውሃና በበረዶ አቅርቡት፤ ግሩም ነው። የማይወድ እንግዳ ካለ ደግሞ ሙሉ ጠርሙስ ይዛችሁ መቀመጣችሁ ነው።

ኮኛክ

የደብረ ብርሃን ሰው ከሆናችሁ፣ ወይም መንዝና አንኮበር ያላችሁ፣ ከጂን ጋር የሚወዳደረው ይሄ ነው። በሕግ ኮኛክ የሚባለው ፈረንሳይ ውስጥ ኮኛክ በሚባለው አካባቢ የሚሠራው ብቻ ነው። እኛ ቤት በዚያ ስም የምንጠራው የአገር ውስጡ መጠጥ የብራንዲ ዘመድ ነው። ከዋናው ጋር አይተካከልም። ለትኩስ መጠጥ ግን ያለጥርጥር ይሆናል።

የእኔ የማታ አሠራር ይኸውላችሁ። ውሃ ከአንድ ቅርንፉድና ከትንሽ ቀረፋ ጋር ይፈላል። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ቅመሙን ትንሽ ቆየት አድርጉት። ከእሳት አውርዱት። አንድ ማንኪያ ማር፣ ግማሽ ሎሚ፣ በመጨረሻ አንድ መለኪያ ኮኛክ። ኮኛኩን እሳት ላይ እንዳለ አትጨምሩት፤ አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን ሽታው ቤቱን ሞልቶ ብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው ኃይሉ የቀነሰ ነገር ይሆናል። በሁለት እጅ ይዛችሁ ስትጠጡት እንፋሎቱ አፍንጫችሁን ያሞቀዋል። ውርጭ ባለበት ሌሊት ይሄንን በበረዶ ከተመታ ብርጭቆ ጋር አላወዳድረውም።

ጀበና ቡናም አለ። አይሪሾች ትኩስ ቡና ላይ ዊስኪና ስኳር ጨምረው ክሬም ያለብሱታል። በጾም ክሬሙን ተዉት፤ ቡናው በኮኛክ ብቻም ይጥማል። ሱፐር ሚንት (ጣፋጩ የሚንት መጠጥ) ቤት ካለ ደግሞ ሁለት እጅ ተኩል ኮኛክ በአንድ እጅ ሚንት በበረዶ አማስሉት። ስቲንገር የሚባለው የድሮ ኮክቴል ዘመድ ነው። ከዚህ ውጪ ኮኛክ ጓዳችን ውስጥ ብዙ ጓደኛ የለውም። ከጂን ወደ ኋላ የሚቀረውም በዚህ ነው።

ወይን

ወይን የሚገዛው ሰው ሲበዛ ነው። አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ብቻ ስለሚወጣው ለብርጭቆ ሲታሰብ ርካሽ አይደለም። ግን ምንም ሥራ የለውም፤ መክፈት ብቻ ነው። ጣፋጭ የሚወድ እንግዳ አክሱሚት ይወዳል። ለጥብስና ለቀይ ወጥ ጉደር ይሻላል። ትንሽ ከፍ ማለት ለፈለገ ዝዋይ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ አለ። የተከፈተ ወይን ክዳኑ ተመልሶ ፍሪጅ ቢገባም ከሦስት አራት ቀን በላይ አታቆዩት። ጂንና ኮኛክ ግን ወራት ይቆያሉ።

ወይን በኮካ የምትጠጡ ሰዎች ስትነቀፉ አይቻለሁ። አትፈሩ። ስፔን ውስጥ ባስኮች ቀይ ወይን በኮካ እኩል ለእኩል በበረዶ ቀላቅለው ካሊሞቾ ብለው ስም አውጥተውለታል። የአዘቦቱን ወይን አድርጉበት እንጂ ጥሩውን አታባክኑት።

አረቄ፣ ጠላና ጠጅ

አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ። የደብረ ብርሃን አረቄ ስም ያለው ነው። ዳግም ተጣርቶ የወጣው ንጹሕ አረቄ በትንሿ መለኪያ ከቆሎ ጋር ሲቀርብ እወደዋለሁ። ታዲያ ለምን ለኮክቴል አይሆንም?

ልኩ አይታወቅማ። የፋብሪካ ጠርሙስ ላይ የአልኮሉ ልክ በመቶኛ ተጽፏል። የቤት አረቄ ግን ከአንዱ ጋን ወደ ሌላው ይለያያል። ተራውና ዳግሙ ደግሞ ጭራሽ አይገናኙም። ሎሚና ስኳር ሲገባበት ኃይሉ ይደበቃል። አንድ ጊዜ ከማላውቀው ሻጭ በጄሪካን የመጣ አረቄ ገዝቼ በማርና በሎሚ ሠራሁት። ጣፈጠ። ሁሉም ሦስት ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። በማግስቱ ቤቱ ሙሉ ራስ ምታት ይዞት ዋለ። አንዲት ጓደኛዬ ስታስመልስ አደረች። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ቀን ሳስብ ይጨንቀኛል። አንዳንዱ አረቄ ውስጥ ሜታኖል የሚባል ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ሊኖር ይችላል። በእሳት በማቀጣጠልም ሆነ ጠርሙሱን ነቅንቆ አረፋ በማየት አይለይም። ስለዚህ አረቄ ከምታውቋት ጠማቂ ብቻ ግዙ፤ ሳትቀላቅሉ በልኩ ጠጡት።

ጠላና ጠጅ ላይ አስተያየቴ አጭር ነው። ምንም አትጨምሩባቸው። እንግዳው ከሃያ ሰው በላይ ከሆነ ከየትኛውም ጠርሙስ የገብስ ጠላ ይበልጣል፤ በዋጋም፣ በወግም። ጠጅ በማር የተጣለ መሆኑን የምታምኑበት ቤት ካለ ለበዓል ጂኑንም ትታችሁ እሱን ግዙ። በስኳር የተሠራ ከሆነ ግን ጂኑ ይሻላል።

ለማይጠጣው

ሮቢትና አጣዬ በኩል ሙስሊም ጎረቤት ብዙ ነው። ደጋውም ላይ በጾም መጠጥ የሚተው አለ፤ ነፍሰ ጡር አለች፤ መኪና የሚነዳ አለ። ማታ የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አንድም መለኪያ ቢሆን አይቅመስ። ለእነሱ ለስላሳ ብቻ ማቅረብ እንግዳን ማሳነስ ይመስለኛል። ያው የማር ሽሮፕ፣ ያው ሎሚ፣ ትንሽ የተፈጨ ዝንጅብል፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አምቦ። በዚያው በሚያምረው ብርጭቆ፣ ናና ጣል ተደርጎበት ይቅረብ። ብርዝ ከተገኘ ደግሞ እሱ ራሱ በቂ ነው።

እንደ ኔግሮኒ ያሉትን የምትመኙ ትኖራላችሁ። ጂን፣ ካምፓሪ (መራራ ቀይ መጠጥ) እና ጣፋጭ ቬርሙት (ቅመም የገባበት ወይን) እኩል ለእኩል ነው፤ ድንቅ መጠጥ ነው። ግን ሦስት ጠርሙስ ይፈልጋል፤ ካምፓሪውና ቬርሙቱ ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። መጀመሪያ አንዱን ጂን ጨርሱ።

እህቴ ጂኑን ገዛች። ማሩን በሙቅ ውሃ በጥብጣ ሁለተኛውን ዙር አስተካክላ አቀረበች። አማቷ ግን አንድ ከቀመሱ በኋላ «ጠላው የታለ?» አሉ። ጠላው ነበር፤ ተቀዳላቸው። ለፋሲካ ሁለተኛ ጠርሙስ ልትጨምር ነው፤ ጉደር እንድትገዛ ነግሬያታለሁ።