ሩብ ሰዓት ያስጠበቀኝ ቀይ ወይን

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ምግብ ቤት ቀይ ወይን አዘዝሁ። አስተናጋጇ ጠርሙሱን አምጥታ በመዳፏ ዳሰስ አደረገችና «ጋሼ፣ ይኼ ሞቋል፤ እንዲህ እንዳለ ብቀዳልዎት አይጥምዎትም፤ ሩብ ሰዓት ይታገሱኝ» ብላ ይዛው ተመለሰች። በጣም ቅር አለኝ። ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም ሲባል ስሰማ ስለኖርሁ፣ ልጅቷ የማታውቀውን የምትነግረኝ መስሎኝ ነበር።

በረዶና ውኃ በተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ ቆይቶ የመጣውን ስቀምስ ቅሬታዬ ጠፋ። ወይኑ ዝዋይ አጠገብ የሚመረተው፣ ሲራ ከሚባለው የወይን ፍሬ ዝርያ የሚጠመቀው ቀይ ወይን ነው፤ መጀመሪያ የበሰለ እንጆሪ፣ ቀጥሎ ገና የተወቀጠ ቁንዶ በርበሬ ይሸታል። አፍን ያዝ የሚያደርገው ነገር ጌሾው ጠንከር ያለ የጎጃም ጠጅ አስታወሰኝ፤ ሆኖም የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ሲቀር የወይኑ ድድን ነው የሚያደርቀው።

ልጅቷ ትክክል ነበረች። በሞቃት አገር የበቀለ የወይን ፍሬ ስኳሩ ስለሚበዛ አልኮሉ ይጠነክራል፣ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል፤ እንዲህ ያለው ወይን ሲሞቅ የአልኮሉ ሽታ ቀድሞ አፍንጫ ስለሚመታ የፍሬው መዓዛ ይሸፈናል። «በክፍሉ ሙቀት ይጠጣ» የሚለው ምክር የመጣው ከቀዝቃዛዎቹ የአውሮፓ ቤቶች ሲሆን፣ የሚፈለገውም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያህል ነው፤ ደጋው ደብረ ማርቆስ ላይ ያስኬድ ይሆናል እንጂ የባሕር ዳር ከሰዓት ይህን አይፈቅድም። ይህን ከየት እንደተማረች ስጠይቃት «እናቴ ጠጅ ትጥላለች፤ የሞቀ ጠጅ ለእንግዳ ቀድታ አታውቅም» አለችኝ።

አምና ደብረ ማርቆስ በሌላ ቤት ይህንኑ ወይን አዝዤ፣ መቼ እንደተከፈተ ከማይታወቅ ጠርሙስ የተቀዳ አቼቶ የመሰለ ነገር ቀርቦልኝ ነበር። ስመልሰው «ወይን ሁሉ እንዲህ ነው» ብለውኝ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ አስከፈሉኝ። ያን ቀን የተሰማኝ ንዴት እስከ ቅዳሜ ድረስ አብሮኝ ነበር ማለት እችላለሁ።

ምግቡን በተመለከተ ዶሮ ወጥ ላዝዝ ስል የበግ ጥብስ እንደሚሻለኝ የመከረችኝም እርሷው ናት። ጓደኛዬ ካዘዘው ዶሮ ወጥ አንድ ጉርሻ ወስጄ ወይኑን ባስከትልበት አፌ ተቃጠለ፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳልና። ከጥብሱ ጋር ግን ስቡ የወይኑን አድራቂነት አለዘበው፤ የጥብስ ቅጠሉ ሽታና የሲራው ቁንዶ በርበሬ እንዲህ ሲስማሙ ከዚያ በፊት ቀምሼ አላውቅም።

የማልስማማው በዋጋው ነው። ጠርሙሱ ሱቅ ከሚሸጥበት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ይጠየቅበታል። የአንድ ብርጭቆው ዋጋ ደግሞ የጠርሙሱን ሲሶ ያህል ነው፤ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ አምስት ደህና ብርጭቆ ይወጣዋልና ይህ ስሌት አላሳመነኝም። በዚህ ላይ የሚቀዳው በወፍራምና ጠባብ የውኃ ብርጭቆ ነው፤ ያን የመሰለ መዓዛ ታፍኖ ይቀራል። የቤቱ ባለቤት ይህን የሚያነቡ ከሆነ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ስስ ብርጭቆ እንዲገዙ እለምናለሁ። እኔ ለፋሲካ ከወንድሞቼ ጋር ተመልሼ እሄዳለሁ፤ በብርጭቆ ሳይሆን ጠርሙሱን እናዝዛለን፣ ሩብ ሰዓቱንም እንጠብቃለን።