ምስጋና ለባልቲሞሩ የዮጋ መምህራችን

አሥራ አንድ ዓመት የታክሲ መሪ ጨብጬ ወገቤ ክፉኛ ቢጎዳ፣ ሐኪሜ ዮጋ እንድሞክር መከሩኝ። የአሜሪካ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ከሚመክራቸው ሕክምናዎች አንዱ ዮጋ መሆኑንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ የሄድኩበት ክፍል ግን ከሦስት ቀን በላይ አላቆየኝም። ከክፍሉ ሰው ጥቁርም ሆነ ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከጎኔ ያለችው ሴት ምንጣፌን ባነጠፍኩ ቁጥር ቦርሳዋን ወደ ራሷ ትስባለች፤ አስተማሪዋም ሳትጠይቀኝ ከኋላዬ መጥታ ትከሻዬን ትጫነዋለች። ወገቤን ላፍታታ ሄጄ የባሰውን ተኮማትሬ እመለስ ነበር።

ዛሬ ላመሰግናቸው የወደድኩት መምህር እዚሁ ባልቲሞር ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈር አዳራሽ ጥቁር ወንዶችን ያስተምራሉ። በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ሳንቲም አደሉንና፣ እጃቸው እንዲያርፍበት የማይፈልግ ሰው ሳንቲሙን ከምንጣፉ ጠርዝ ላይ እንዲያስቀምጥ ነገሩን። እኔ ሁለት ወር ሙሉ አላነሣሁትም፤ አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ምንጣፎቹ የሚነጠፉት ሁሉም ሰው በሩ እንዲታየው ተደርጎ ነው። ከመካከላችን በፖሊስ ፍተሻ አስፋልት ላይ በሆዱ ተደፍቶ የሚያውቅ ስላለ፣ በሆድ የሚተኛበትን እንቅስቃሴ ሲያሳዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራውንም አብረው ያሳያሉ። መጨረሻ ላይ በጀርባችን ተንጋለን ስናርፍም ዐይን መጨፈን ግዴታ አይደለም፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ የሚተነፍስ ብዙ ነው።

ዮጋ የሴት ነገር ነው ለሚል ሰው ዝነኛው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ካሪም አብዱልጀባር በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ 20 የውድድር ዘመን መጫወት የቻለው በዮጋ እየታገዘ መሆኑን ይነግሩታል። በሃይማኖት በኩል ለምትሰጉ ወገኖቼም፣ በዚህ ክፍል ዝማሬም ሆነ ማንትራ የሚባለው እየተደጋገመ የሚባል ቃል የለም፤ ያለው ትንፋሽና እንቅስቃሴ ብቻ ነው። በዐቢይ ጾም ስግደት የለመድኩት እኔ እንኳ መጀመሪያ ጎንበስ ስል ጣቶቼ ከጉልበቴ አላለፉም ነበር፤ አሁን ግን ከኤርፖርት ተመላልሼ ስገባ ካልሲዬን ያለማንም እርዳታ አወልቃለሁ።

አዳራሹ በክረምት ይበርዳልና ወፍራም ካልሲና ሹራብ ያዙ። ክፍያው እንደየአቅም ነው። አድራሻውን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ሳንቲሙን እሳቸው ያድላሉ።