ለእናቴ ውሻ ለደረሰላት ባለሙያ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ ባለው አካባቢ ውሻ የምታሳድጉ ሰዎች ይህን ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል። ቤት ለቤት እየዞረ ውሾችን የሚያጥብ፣ የሚያበጥርና ጥፍራቸውን የሚቆርጥ አንድ ወጣት ባለሙያ አለ። ለእናቴ ውሻ ለሉሲ ያደረገላትን በአደባባይ ሳላመሰግን መቅረት አልፈለግሁም።

ሉሲ የማልቲዝ ክልስ ናት፤ ትንሽ፣ ነጭ፣ ፀጉሯ ረጅም። ወደ እናቴ የመጣችው የቀድሞ ባለቤቷ ወደ ውጭ ሲሄዱ ነው። ያን ጊዜ «ተናካሽ ናት፣ ተጠንቀቁ» ተብሎ ነበር። እውነትም ወደ ጆሮዋ ወይም ወደ ብብቷ እጅ ሲጠጋ ታጉረመርም ነበር፤ ስትራመድም አንዱን የፊት እግሯን ሳብ አድርጋ ነው የምትረግጠው። ፀጉሯ ደግሞ ከጆሮዋ ጀርባ፣ በብብቷና በሆዷ ሥር ተቋጥሮ ማበጠሪያ አያስገባም።

ልጁ ሲመጣ ዕቃውን ከማውጣቱ በፊት የጠየቀው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ካርዷን ነው። ካርድ ከሌለ ውሻ አይነካም። በሽታው ዛሬም በአገራችን ሰው እየገደለ ስለሆነ ይህ ጥንቃቄው ብቻውን በዓይኔ አስከበረው። ከዚያ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጠና ምንም ሳይነካት ቆየ። ማበጠሪያውን አስሸተታት። ቶንዶሱን ራቅ አድርጎ ከፍቶ ድምፁን አስለመዳት፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። እናቴ ሻይ አፍልታ እስክትመጣ ድረስ ሉሲ አገጯን ጉልበቱ ላይ አሳርፋ ነበር።

ቋጠሮዎቹን በመቀስ አልነካቸውም። ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ስለሚነሳ መቀስ በቀላሉ ሥጋ ይቆርጣል አለን። በቶንዶስ ከሥር ቀስ እያለ ላጨው። ፀጉሩ ሲነሳ ነው ነገሩ የገባን፦ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ ረጥቦ፣ አንዳንድ ቦታ ቆስሏል፤ መዥገርም ተደብቆበት ነበር። ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ሹሩባ የራስ ቆዳን እንደሚጎትት፣ የተቋጠረ ፀጉርም የውሻን ቆዳ ቀን ከሌት ይጎትታል። እርጥበት ያምቃል፣ አየር አያስገባም። መዥገር ደግሞ ደም መምጠጥ ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ ውሻን ትኩሳትና የደም ማነስ የሚያሲዝ ተዋህሲያን ያስተላልፋል።

የእግሯም ምክንያት ተገኘ። ከፊት እግር ከፍ ብሎ ያለው፣ እንደ አውራ ጣት ያለው ጥፍር መሬት ስለማይነካ በራሱ አይሞረድም። የሉሲ ጥፍር ዞሮ ዞሮ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ልጁ በጥንቃቄ ቆርጦ አወጣው፣ ቁስሉን አጠበው፣ ለሐኪም እንድናሳየውም ነገረን። ሌሎቹን ጥፍሮች ግን በአንድ ጊዜ አላሳጠራቸውም። ጥፍሩ ውስጥ የደም ሥርና ነርቭ አለ፤ በጣም ሲረዝም እነሱም አብረው ይረዝማሉ። ስለዚህ ከጫፉ ጥቂት ጥቂት እያነሱ በየተወሰነ ሳምንት መመላለስ ያስፈልጋል። ጥቁር ጥፍር ላይ የደም ሥሩ ስለማይታይ የባሰ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ያቺ «ተናካሽ» የተባለች ውሻ ያማት ነበር እንጂ ክፉ አልነበረችም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ዛሬ እናቴ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋ ላይ ተንጋልላ ሆዷን ለማሳከክ የምትሰጥ እሷው ናት።

እጥበቱ ላይ የተማርነው ብዙ ነው። የልብስ ሳሙናም ሆነ የእኛ ሻምፖ ለውሻ አይሆንም፤ ቆዳቸው ከእኛ ያነሰ አሲድ ያለው ስለሆነ ያደርቀዋል፣ ያሳክካቸዋል። ቋጠሮ ካለ ከውኃ በፊት መፈታት አለበት፤ ከረጠበ በኋላ ይብስበታል። ጆሮዋን የሚያጸዳው በጨርቅ እስከሚታየው ድረስ ብቻ ነው፤ የጥጥ እንጨት አያስገባም፣ ምክንያቱም የውሻ ጆሮ ቱቦ ወደ ታች ወርዶ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ቆሻሻውን ይበልጥ ይገፋዋል። ጆሮ ከሸተተ «ይህ የሐኪም ነው» ብሎ ይተወዋል። በክረምት ደግሞ ፀሐይ ስለማይገኝ ሥሩ ድረስ አድርቆ ካልጨረሰ አይሄድም።

በጣም የማመሰግነው ግን በኋላ ስለሆነው ነው። በአንዱ ቀጠሮ ሆዷን እያበጠረ እጁ ቆም አለ። ከኋለኛው ጡቷ አጠገብ አተር የምታክል እብጠት ዳሰሰ። «እማማ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህችን ግን ሳይቆዩ ያሳዩልኝ» አላት። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ ያልተኮላሹ ሴት ውሾች ላይ የጡት እጢ በብዛት እንደሚታይ፣ ትንሽ ሳለ መውጣቱም ትልቅ ዕድል እንደሆነ ነገረን። እጢው ወጣ፣ በዚያው ተኮላሸች፣ ድናለች። ከዚያ ሁሉ ፀጉር ሥር ያችን ነገር እኛ በዓይን አናገኛትም ነበር። በየጊዜው መላ ሰውነቷን የሚዳስስ፣ ትናንት ያልነበረውን የሚለይ እጅ ስለነበረ ነው የተገኘችው።

ለገንዘብ ብሎም የማይሆን ነገር አይሠራም። ጎረቤታችን ጀርመን ሼፐርዱን «ሙቀቱ እንዳይከብደው ሙልጭ አድርገህ ላጨው» ሲሉት እንቢ አለ። የዚያ ዓይነት ውሻ ድርብ ፀጉር ከፀሐይም ከብርድም ይከላከልለታል፣ የሚያስፈልገው የረገፈውን ከሥር ማበጠር ነው ብሎ አስረድቷቸው፣ አበጥሮት ሄደ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፤ እጅህ ይባረክ። እናቴም በየቀኑ ትመርቅሃለች።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ዋጋው እንደ ውሻው መጠንና እንደ ፀጉሩ ሁኔታ ስለሚለያይ ከራሱ ጋር ተነጋገሩ። የክትባት ካርዱን አዘጋጁ፣ ለብ ያለ ውኃና ደረቅ ፎጣም አቅርቡለት። ውሻችሁ የሚፈራው ወይም የሚያመው ቦታ ካለ ደግሞ ሥራውን ሳይጀምር ንገሩት።