ለሊዩጂ ቃላት የደረሱልን ላውሺ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ! ይህ ጽሁፍ ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። ቻይና ውስጥ የምትማሩ ሐበሾች፣ በተለይ ዩባን፣ ማለትም ቻይናዊ የቋንቋ ልምምድ ጓደኛ ያላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዩባናችሁ "ሊዩጂ ደረሰብኝ፣ ቃላት አስጠናኝ" ብሎ መጥቶ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ገብቷችሁ ከሆነ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የእንግሊዝኛ መምህርት አሉላችሁ። ሁላችንም ላውሺ ነው የምንላቸው፣ በቻይንኛ መምህር ማለት ነው። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ እዚህ አልጽፈውም። ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ክፉ አይንካቸው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ሊዩጂ የቻይና የኮሌጅ እንግሊዝኛ ፈተና ስድስተኛው ደረጃ ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲኢቲ 6 ይባላል። ከሱ በታች ያለው አራተኛው ደረጃ፣ ሲጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ፤ ሊዩጂ በ1989 ተከተለ። በዓመት ሁለቴ፣ በሰኔና በታኅሣሥ ይሰጣል። የሚታረመው ከ710 ነው። ይፋ የማለፊያ ነጥብ ባይኖረውም ሁሉም 425ን እንደ ማለፊያ ያየዋል፤ ሊዩጂ ለመቀመጥም ሲጂ ላይ 425 ማምጣት ግድ ነው።

ወደ ምስጋናው ከመግባቴ በፊት ምሬቱን ላውጣው። "6,000 ቃል በ30 ቀን" እያሉ የሚያስከፍሉ አሉ። ስም አልጠራም፤ የተቃጠለ ያውቃቸዋል። ገንዘቡን ከተቀበሉ በኋላ የሚሰጡት በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር፣ በቀን 200 ቃል የሚል ሰሌዳ፣ እና ካሜራ ፊት የሚጮህ ሰው ቪዲዮ ነው። ጥያቄ ስትጠይቅ "ደግመህ እየው"፣ ገንዘቤን ስትል "10 በመቶውን ስላየኸው አይመለስም"። ዩባኖቻችን ከምግባቸው ቀንሰው የከፈሉት ብር ነው እንዲህ የሚበላው።

ላውሺ ያንን ሰሌዳ ሲያዩ አልተቆጡም፤ እስክሪብቶ አንስተው ሒሳቡን ብቻ ሠሩ። አንድ ቃል እንዳይረሳ ከተጠና በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ15ኛው ቀን መከለስ አለበት። በቀን 200 አዲስ ቃል የሚይዝ ሰው 16ኛው ቀን ላይ 200 አዲስና 1,000 ክለሳ ይጠብቀዋል። ለአንዱ 10 ሰከንድ ብንሰጥ 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፣ ሌላ ትምህርት እያለበት። ስለዚህ ክለሳውን ይዘላል፤ ክለሳው ሲዘለል የመጀመሪያው ሳምንት ቃላት ይጠፋሉ፤ በ20ኛው ቀን እንደገና ከኤ ይጀምራል። በቀን 30 ቢይዝ ግን 30 አዲስና 150 ክለሳ፣ በድምሩ 180 ቃል፣ ግማሽ ሰዓት! ኤቢንግሀውስ የተባለው ጀርመናዊ የመርሳትን ነገር በራሱ ላይ ሞክሮ ያሳተመው በ1885 ነው፤ ሰሌዳ ሻጮቹ ስሙን ይጠቅሳሉ እንጂ ይህን ማባዛት ለደንበኛቸው አያሳዩም።

አሁን ላውሺን ላውሺ ያሰኛቸውን ነገር ልንገራችሁ። አንድ የምህንድስና ተማሪ የቃላት መጽሐፉን ይዞ ቀረበ። መጽሐፉን አልገለጡትም። ዘግተው አዞሩትና የወረቀቱን ጠርዝ አዩ። ከመጀመሪያው አንድ ጣት የማይሞላው ክፍል በእጅ ወዝ ጠቁሯል፤ የቀረው እንደ ዳቦ ልብ ነጭ ነው። "ከኤ እስከ ሲ ሦስት ጊዜ ጀምረሃል፣ ከዚያ አልፈህ አታውቅም" አሉት። ልጁ በሳቅ ፈረሰ፤ ልክ ሦስት ጊዜ ነበር። በፊደል ተራ የተዘጋጁት የቃላት መጻሕፍት ሲከፈቱ መጀመሪያ ላይ የሚጠብቅህ ቃል አባንደን ነው፣ "ተወ፣ እርግፍ አደረገ" ማለት ነው፤ የቻይና ተማሪዎች "መጽሐፉ ራሱ ተወው ብሎን" እያሉ ይቀልዱበታል። ላውሺ ከቦርሳቸው የአትክልት ማሰሪያ ላስቲክ አወጡና የጠቆረውን ክፍል ጠቅልለው አሰሩት። "እስክነግርህ እንዳትፈታው።"

ከዚያ ምርመራው። ባለ 400 ገጽ መጽሐፍ ከሆነ በየ20 ገጹ እያቆሙ 5 ቃል ይጠይቃሉ፤ 100 ይሆናል። በ3 ሰከንድ ውስጥ ትርጉሙ ካልመጣ እንደማይታወቅ ይቆጠራል፤ "አውቀዋለሁ ግን…" የለም። ልጁ 72 አወቀ። እ.ኤ.አ. የ2007ቱ የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር የኮሌጅ እንግሊዝኛ መመሪያ ለመጀመሪያው ደረጃ 4,795፣ ለቀጣዩ 6,395 ቃላት አስቀምጦ ነበር። የ6,395 ቃላት 28 በመቶ 1,790 ገደማ ነው። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት 1,600 ስለሆነ፣ ትርፉ 190 ያህል ለሲጂ አጥንቶት የረሳው ነው። አያችሁ? 6,000 ተብሎ ሲያስፈራራ የነበረው ክምር በሩብ ሰዓት ወደ 1,790 ወረደ። በቀን 30 ሲካፈል 60 ቀን፣ የመጨረሻዎቹ ቃላት ክለሳ ደግሞ 15 ቀን፣ በድምሩ 75። የታኅሣሡን ፈተና የሚወስድ ሰው በቻይና ብሔራዊ በዓል ሰሞን፣ በእኛ መስከረም 20 ገደማ ከጀመረ ይደርሳል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የመጣ ሰው ቁጥሩን ወደ 45 ከፍ ማድረግ አይከለከልም፤ ከዚያ በላይ ግን ላውሺ አይፈቅዱም።

ደግነታቸውን በአንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። በየቀኑ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በዊቻት የድምፅ መልእክት ይልካሉ። የዊቻት ድምፅ ከ60 ሰከንድ በላይ አይቀዳም፤ 30 ቃል በሁለት ሁለት ሰከንድ ልክ ይሞላዋል። በቀን 30 ያሉት ለዚህ ይሁን አይሁን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ቀጥሎ በሌላ መልእክት በፈተናው ፍጥነት ይደግሙታል። ጉንፋን በያዛቸው ሰሞን እንኳ ድምፃቸው እየተቆራረጠ ልከዋል። ማዳመጥ ከፈተናው 35 በመቶ ነው፣ የመልስ ወረቀት አንድም ማዳመጡ እንዳለቀ ይሰበሰባል፤ ዓይን የሚያውቀውን ጆሮ ካላወቀው ተመልሶ ማሰቢያ ጊዜ የለም። ስለዚህ የሳቸው ሕግ፦ አዲስ ቃል መጀመሪያ ይሰማል፣ ከዚያ ይጻፋል፣ በመጨረሻ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያጠናው።

ስለ ስልክ መተግበሪያ ለሚጠይቁ፣ ላውሺ አይከለክሉም፤ ሁለት ነገር ግን ያስጠነቅቃሉ። አራት ምርጫ የሚሰጠው ልምምድ መለየትን እንጂ ማስታወስን አይፈትንም፤ ሦስቱን በማስወገድ ብቻ አረንጓዴ ምልክት ይገኛል። በሥዕል የሚያስጠናው ደግሞ ለዶሮና ለድልድይ ደግ ነው፤ ለጀስቲፋይ፣ ማለትም "ምክንያት ማቅረብ"፣ ምን ሥዕል አለው? በሳቸው ዘንድ ካርዱ ወረቀት ነው፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል። ፊት ለፊቱ ላይ ከዠንቲ፣ ማለትም ካለፉ ዓመታት እውነተኛ ፈተና፣ የተቀዳ ዐረፍተ ነገር ቃሉ ወጥቶለት ባዶ ይጻፋል። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ ስም ወይም ግስ መሆኑ፣ እና አብሮት የሚሄድ አንድ ቃል። አራተኛ ነገር አይጨመርም፤ ካርዱ ከሞላ ማንም አያነበውም።

እዚህ ላይ እኛን ሐበሾችንም አረሙን። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማርን ዩባናችን "ይህ ቃል ምንድነው?" ሲለን በአንድ ትርጉም እንገላግለዋለን። ላውሺ "አድሬስ ምንድነው?" አሉን፤ በአንድ ድምፅ "አድራሻ" አልን። ሊዩጂ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግስ ሆኖ "ችግሩን መፍታት፣ መጋፈጥ" ነው። ኖቭል ልብ ወለድ ብቻ ሳይሆን "አዲስ፣ ያልተለመደ" ነው፤ ዲሲፕሊን "የትምህርት ዘርፍ"፣ ቻምፒየን ሲገሰስ "ለአንድ ዓላማ መቆም"፣ ኮይን "አዲስ ቃል መፍጠር"፣ አፕሪሺዬት "ዋጋው መጨመር"። ተማሪ የሚወድቀው በእነዚህ ነው፤ "አውቀዋለሁ" ብሎ አልፏቸዋል፣ ካርድም የላቸውም። አዳፕት፣ አዶፕት፣ አዴፕት ደግሞ በአንድ ቀን አብረው አይጠኑም፤ ይምታታሉ። አንዱ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ ከሳምንት ቆይቶ ነው ሁለተኛው የሚመጣው።

ሥርወ ቃል ሲያስተምሩ ያየ ሰው ሽምደዳን ይጠላል። ቻይናዎቹ "ስ ጂ ዪንግ ቤይ" ይሉታል፣ የሞተ ማስታወስ እንደማለት። ላውሺ በቻይንኛ ፊደላት ጎን የምትጻፈውን ሦስት ጠብታ ውሃ ሰሌዳ ላይ ይስላሉ፤ ወንዝ፣ ሐይቅ፣ ባሕር ሁሉም እሷን ይዘዋል። "እንግሊዝኛም እንዲህ ጠብታ አለው" ብለው ሩፕት ይጽፋሉ፦ ኢንተረፕት፣ ዲስረፕት፣ ባንክረፕት፣ ኮራፕት። ለእኛማ ይህ የቤታችን ነገር ነው! ሰበረ፣ ተሰበረ፣ ስብራት፣ ሰባራ ብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ሩፕት ራሱ "ሰበረ" ነው። ዩባናችሁን በዚህ ብትረዱት ከየትኛውም መዝገበ ቃላት ትበልጣላችሁ። ግን በሥርወ ቃል የሚገመተው ቀድሞ ላልታወቀ ቃል ነው፤ ለካርድ ማረጋገጫ አይሆንም። ኢንቫልዩኤብል "ዋጋ ቢስ" ይመስላል፣ "ዋጋ የማይተመንለት" ነው። ኢንፍላመብል "የማይቃጠል" ይመስላል፣ እንደ ጭድ የሚቀጣጠል ነው።

ድርሰት ላይ ደግሞ ትልልቅ ቃል የመዘርገፍ በሽታ አለ። ላውሺ ቃላቱን ለሁለት ይከፍላሉ፦ 1,700 ያህሉ ሲነበቡ ለመለየት፣ 60 ብቻ እጅ ላይ ለመጻፍ። ስልሳዎቹ ከነጓደኞቻቸው ይጠናሉ። ቻይናዎቹ "ለርን ኖውሌጅ" ይላሉ፣ ከቋንቋቸው በቀጥታ ገልብጠው፤ እንግሊዝኛው "አኳየር ኖውሌጅ" ይላል። ወንጀል "ኮሚት" ይደረጋል እንጂ "ሜክ" አይደረግም። ፕሌቶራን "ብዙ" በሚለው ቦታ ሁሉ የሚሰኩት ደግሞ ቃሉ "ከልክ ያለፈ" የሚል ቃና እንዳለው አያውቁም። ከአንድ የተሳሳተ ትልቅ ቃል አንድ ልክ የሆነ ትንሽ ቃል ይሻላል፣ በ150 ቃል ድርሰት ውስጥ ስህተት መደበቂያ የለውም።

ትርጉሙ፣ ከቻይንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ 15 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ሥርወ መንግሥታት፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሐይቆች፣ በታኅሣሥ 2019 አበቦች መጡ። ፒዮኒ የሚለውን የአበባ ስም የማያውቅ ሰው ብዕሩን አያስቀምጥም፤ የቻይንኛውን ስም በድምፁ ጽፎ "ትልቅ አበባ ያለው፣ የሀብት ምልክት" ብሎ ያስረዳል። ሙሉ ነጥብ ባይሆንም ባዶ አይደለም።

ንባብ ላይ ከ15 ቃላት መርጦ 10 ባዶ መሙላት አለ። አንዱ 3.55 ነጥብ ነው፤ ጥልቅ ንባቡ ላይ ግን አንድ ጥያቄ 14.2 ነው። ስለዚህ ከ40 ደቂቃው 20ው ለሁለቱ ጥልቅ ምንባቦች፣ 13ቱ ዐረፍተ ነገርን ከአንቀጹ ጋር ለማዛመዱ፣ ቀሪው 7 ለባዶው፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ባዶው ላይ ሲደረስ 15ቱን ቃላት መጀመሪያ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ ብሎ በአራት ምልክት መለየት ነው፤ ትርጉም ሳይታሰብ ግማሹ ይቀንሳል።

ላውሺ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን ሁሉ ያስተማሩን አንዴም "ይህንንማ ማወቅ ነበረባችሁ" ሳይሉ ነው።

ለምትፈልጉ፦ አራት አራት ሰው ሆናችሁ ነው የምትሄዱት፣ ዩባናችሁን ይዛችሁ። የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ ነው። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ የቃላት መጽሐፋችሁን ያዙ፣ ምንም ያህል ኤ ላይ ብቻ ቢጠቁር አትፈሩ። ላስቲክ እሳቸው ጋ አለ።