ለክራር፣ ለማሲንቆና ለጊታር አንድ አምፕሊፋየር፦ የቱ ይሻላል?

ፒያሳ በምንጫወትባት ጠባብ መድረክ ላይ ክራር፣ ቤዝ ክራር፣ ማሲንቆና የኤሌክትሪክ ጊታር ተደርድረው ለአምፕሊፋየር የሚተርፈው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ምርጫችን በፌንደር ትዊን ሪቨርብና በሮላንድ ኤሲ-60 መካከል ወደቀ።

ትዊኑ ባለ 85 ዋት ነው፤ 12 ኢንች የሆኑ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች አሉት። ለጊታር ወደር አላገኘሁለትም። ክራር ሲሰካበት ግን ድምፁ ይታፈናል። የጊታር ድምፅ ማጉያ ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን አብዛኛውን ይቆርጠዋል፤ ጣት ክሩን ሲለቅ የምንሰማው ጥርት ያለ ጫፍ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ክብደቱም 29 ኪሎ ገደማ ነው። ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ያውቀዋል።

ኤሲ-60 በሁለት ወገን 30፣ 30 ዋት ይሰጣል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ 6.5 ኢንች ናቸው። ክራሩን በአንዱ መስመር፣ የማሲንቆውን ማይክሮፎን በሌላው መሰካት ይቻላል። ማሲንቆ አስቸጋሪ ነው፦ ቆዳ የተወጠረበት ሣጥኑ የተጎላውን ድምፅ መልሶ ስለሚቀበል፣ ደጋኑ ጭራውን ገና ሳይነካ ጩኸት ይነሳል። እዚህ የኤሲ-60 የጩኸት መከላከያ ይደርስልናል፤ ያም ሆኖ አዝማሪው ከአምፕሊፋየሩ ፊት ፈቀቅ ብሎ መቀመጥ አለበት።

ኤሲ-60 ቤዝ ክራርን አይችለውም፣ የጊታሩንም ድምፅ ያደርቀዋል። እኔ ግን ኤሲ-60ን መርጫለሁ። ቤዝ ክራሩ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሚክሰር ይግባ፤ ጊታሪስታችን ለጥቂት ቀን ያኮርፍ ይሆናል።