ከካምፓሳችን በር ማዶ ያለው የቆራሌ ቤት፦ ሁለት ሴሚስተር ሃይላንድ ካስረከብኩ በኋላ

ደሴ ነው። ታፔላ የለውም። ከበሩ ወጥታችሁ የባጃጅ ተራውን ስታልፉ በቆርቆሮ የታጠረች ቦታ አለች፣ ከአጥሩ በላይ የሃይላንድ ክምር ስለሚታይ አትስቷትም። ባለቤቱን ሁላችንም አያ ነው የምንላቸው። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን፤ ሁለት ሴሚስተር ሙሉ ሃይላንድ፣ ካርቶንና ያለቀ ሃንድአውት እያጠራቀምን ስንሸጥላቸው ቆይተናል።

ከሁሉ የወደድኩት ማስረዳታቸውን ነው። የመጀመሪያው ቀን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ይዘን ሄድን፣ ሁሉም ክዳኑ እንደተከደነ። «ክዳኑን ፍቺው ልጄ፣ አየሩ ካልወጣ አይተኛልኝም» አሉኝ። ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ፈታን። ክዳኑን ለብቻ በጆንያ ነው የሚያስቀምጡት፣ ምክንያቱም ጠርሙሱና ክዳኑ አንድ ዓይነት ፕላስቲክ አይደሉም። ዶርም ተመልሼ በባልዲ ውሃ ሞከርኩት፦ ቆራርጬ የጨመርኩት ሃይላንድ ሰመጠ፣ ክዳኑ ተንሳፈፈ። ፋብሪካም ፈጭቶ ሲያጥበው የሚለየው በዚሁ መንገድ ነው። ስለ ዴንሲቲ ስንት ጊዜ ተምሬያለሁ፣ የዚያን ቀን ያህል ግን ገብቶኝ አያውቅም።

ገንዘቡ ብዙ አይደለም። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ70 በላይ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፈጅቶብናል። ዋጋውም ይወጣል ይወርዳል፤ ጭነቱ በአይሱዙ አዲስ አበባ ድረስ ስለሚሄድ ነዳጅ ሲጨምር የእኛ ድርሻ ይቀንሳል። ለሳሙናና ለሞዴስ መዋጮ ግን በቅቶናል። ነጭ ወረቀት ለብቻው ካመጣችሁ የተሻለ ይከፍላሉ፣ ባለሱቆች ለመጠቅለያ ይወስዱታል። በ2017 ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ደግሞ ፈላጊው በዝቷል አሉኝ። ደስ ብሎኛል። ቀጭኑ ፌስታል፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው፣ ከ1999 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ቲማቲሙም ዳቦውም ግን በእሱ ሲያዝ ነው የኖረው።

ቅሬታዬ ሚዛኑ ላይ ነው። ግማሽ ኪሎ ካልሞላ አይቆጠርም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ለሚያመጣ ተማሪ ይሄ ሲደመር ብዙ ነው። ነግሬያቸዋለሁ፤ ትርፉን በደብተር ጽፈው ለሚቀጥለው ቢያሸጋግሩልን ይበቃናል። ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ ወረቀት አይቀበሉም፣ በደሴ ዝናብ ደረቅ ይዞ መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ፌስታል፣ የብስኩት ላስቲክ፣ የጁስ ስትሮ፣ ዘይት የነካው ወረቀት ጭራሽ አይወስዱም። በዚህ አልፈርድባቸውም። የሚያብረቀርቀው የብስኩት ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክና አሉሚኒየም ተደራርቦ የተሠራ ነው፣ ማን ይለየዋል? ለእሱ ያገኘሁት መላ መጀመሪያውኑ አለመግዛት ነው። አሁን ቆሎ በጣሳ ይዤ እገባለሁ፣ ውሃም በኮዳ። የዶርማችን የሃይላንድ ክምር ቀንሷል፤ የሽያጩ ብርም አብሮ ቀነሰ፣ እና ምንም አልከፋኝም።

ያስለቀሰኝ ሌላ ነገር ነው። የምማርበት ካምፓስ ውስጥ ሦስት ዓይነት ቀለም ያላቸው የቆሻሻ መጣያዎች ተተክለዋል። ለይተን እንጥላለን። ማታ ግን ሦስቱም አንድ ጋሪ ላይ ይገለበጣሉ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ወጥ ከነካው በኋላ ወረቀቱን አያም አይገዙትም፣ ሃይላንዱም ዋጋው ይወርዳል። የጽዳት ሠራተኞቹ ጥፋት አይመስለኝም፣ ሌላ ጋሪ አልተሰጣቸውም። አንድ ተጨማሪ ጋሪ እስከ አያ በር ቢመላለስ ስንት ነገር ይተርፍ ነበር!

ይሄ የሚያንገበግበኝ በቦርከና ወንዝ ምክንያት ነው። ዝናብ ሲመጣ ከደሴ የተጠረገው ቆሻሻ በቦርከና አድርጎ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያ አልፎ አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። የጣልነው ሃይላንድ ከአገር አይወጣም። የወገኖቻችን ከብት የሚጠጣበት ዳር ነው የሚያርፈው።

ለአያ ቤት ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፣ አንዷን ያጎደላት ሚዛኑ ነው። ለመሄድ ካሰባችሁ ክዳኑን ፈትታችሁ፣ ጠርሙሱን ረግጣችሁ አሳንሳችሁ፣ ወረቀቱን ከሃይላንዱ ለይታችሁ ውሰዱ። ዓርብ የሚከፍቱት ከጁምዓ በኋላ ነው።